በ14 ሰከንድ ከማሸነፍሽ በፊት

ልጄ፣ አሜሪካዊቷ የቅይጥ ማርሻል አርት ተፋላሚ ሮንዳ ራውዚ ተጋጣሚዋን በ14 ሰከንድ እጅ ስታሰጣት የሚያሳየውን ቪዲዮ ስንቴ እንዳየሽው አንቺም አታውቂውም። እዪው፤ አልከለክልሽም። እኔም አይቼዋለሁ። ግን እነዚያን ሰከንዶች ብቻ አይተሽ፣ ከበስተጀርባቸው ያለውን ከ15 ዓመት በላይ ልፋትና ከዚያ ወዲያ የመጣውን ውድቀት ሳታዪ እንዳትቀሪ ብዬ ይህን ጻፍኩልሽ። ልጆች ሳሠለጥን ነው ያረጀሁት። እንዳንቺ ያለ ልብ ያላትን ልጅ ቶሎ አውቃታለሁ፤ እንዳንቺ ያለው ግዴለሽነትም ቶሎ ይታየኛል። ዘመኑን የማነሣልሽ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ መንገድ ላይ እየሄድሽ አይደለም።

1. ከአንቺ በፊት የነበሩትን እወቂ። ብዙ ሰው የሴቶች ቅይጥ ማርሻል አርት በራውዚ የተጀመረ ይመስለዋል። አይደለም። በ2009 ነሐሴ ወር፣ ካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ ውስጥ፣ ጂና ካራኖ እና ብራዚላዊቷ ክሪስ ሳይቦርግ ስትራይክፎርስ በሚባለው ድርጅት የምሽቱን ዋና ፍልሚያ አድርገዋል። በትልቅ መድረክ ላይ ሴቶች ያንን ቦታ ሲይዙ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር። የመጀመሪያው ዙር ሊያልቅ አንድ ሰከንድ ሲቀረው ሳይቦርግ አሸነፈች። ራውዚ በዚያን ጊዜ ገና አንድም የፕሮፌሽናል ፍልሚያ አላደረገችም። ወደ ቤቷም ብትመለከቺ፣ እናቷ አንማሪያ ዴማርስ በ1984 ቪየና ላይ የዓለም የጁዶ ሻምፒዮን የሆኑ የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ናቸው። በእሳቸው ዘመን የሴቶች ጁዶ በኦሎምፒክ ሜዳሊያ አይሰጥበትም ነበር። የተሰጠው በ1992 ባርሴሎና ላይ ነው፤ የእኛዋ ደራርቱ ቱሉ በ10 ሺህ ሜትር ወርቁን ባመጣችበት በዚያው ኦሎምፒክ። እናትየው ያላገኙትን ዕድል ልጅቷ አገኘች። ከፊቱ ማን እንደነበረ የማያውቅ ልጅ፣ ትንሽ ሲሳካለት ነገሩን ሁሉ እሱ የጀመረው ይመስለዋል፤ ትንሽ ሲከፋው ደግሞ በእሱ ብቻ የደረሰ ይመስለዋል። ሁለቱንም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

2. አንድ ነገር እስከ ሥሩ ተማሪ። ራውዚ የምትታወቀው የተጋጣሚን ክንድ በመቆለፍ ነው፤ እናንተ ልጆቹ አርምባር በምትሉት። በፕሮፌሽናልነት እስከ 2016 ካሸነፈቻቸው 12 ፍልሚያዎች 9ኙ ያለቁት በዚሁ ነው። የሚገጥሟት ሁሉ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር፤ ተዘጋጅተውም ይመጡ ነበር፤ ማስቀረት ግን አልቻሉም። ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። የተጋጣሚሽን አንጓ ደረትሽ ላይ አጥብቀሽ ትይዣለሽ፣ ጭኖችሽ የላይኛውን ክንዷን ይጨምቃሉ፣ አውራ ጣቷ ወደ ላይ ይዞራል፣ ከዚያ ዳሌሽን ከክርኗ ሥር ሆኖ ወደ ላይ ትገፊዋለሽ። ክርን የሚታጠፈው በአንድ በኩል ብቻ ነውና በሌላው በኩል ብዙ አይታገሥም። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ። ከባዱ እዚያ ቦታ መድረሱ ነው። ራውዚ ከ11 ዓመቷ ገደማ ጀምሮ ጁዶ ስትሠራ አደገች፤ እናቷ ጠዋት አልጋዋ ላይ ዘለው ክንዷን እየቆለፉ ይቀሰቅሷት እንደነበር ራሷ ተናግራለች። ስለዚህ ጥላም፣ ወድቃም፣ ከላይም ከታችም ሆና ወደዚያው ክንድ የሚወስደውን መንገድ ሰውነቷ ያውቀዋል። በ2013 የካቲት፣ አናሃይም ላይ፣ በትልቁ የቅይጥ ማርሻል አርት ድርጅት በዩኤፍሲ ታሪክ የመጀመሪያው የሴቶች ፍልሚያ ሲደረግ የቀድሞዋ የአሜሪካ ማሪን ወታደር ሊዝ ካርሙሽ ጀርባዋ ላይ ወጥታ አንገቷን ጠምዝዛ ይዛት ነበር። ያን ዕለት ሁሉ ነገር እዚያው ሊያበቃ ይችል ነበር። ራውዚ ቆማ ተሸክማት ቆየች፣ አራገፈቻት፣ ዙሩ ሊያልቅ 11 ሰከንድ ሲቀረው ክንዷን አገኘች። እንዲህ ያለ እርጋታ የሚመጣው ከድግግሞሽ ነው። አንቺ በየሳምንቱ ከስልክሽ አዲስ ነገር ይዘሽ ትመጫለሽ፤ ያለፈውን ሳምንት ግን አልጨረስሽም።

3. ከሰውነትሽ ጋር አትጣይ። ሚዛን ለመድረስ ስትራቢ የማላይ አይምሰልሽ። ራውዚ በ2004 አቴንስ ላይ፣ በ17 ዓመቷ፣ ከጁዶ ተወዳዳሪዎች ሁሉ ታናሿ ሆና በ63 ኪሎ ገባች፤ በመጀመሪያው ግጥሚያ ተሸነፈች። ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ሰውነቷ አደገ፤ እሷ ግን ያንኑ ኪሎ ለመያዝ ስትል ምግብን መፍራትና የበላችውን ማስመለስ ውስጥ ገባች፤ ይህንንም ቆይታ በግልጽ ተናግራዋለች። መጨረሻ ላይ ወደ 70 ኪሎ ወጣች። ምን ሆነ? በ2007 ሪዮ ላይ የዓለም ሻምፒዮና ብር፣ በ2008 ቤጂንግ ላይ የኦሎምፒክ ነሐስ። በኦሎምፒክ የሴቶች ጁዶ ሜዳሊያ ከተሰጠበት ጊዜ ጀምሮ ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት እሷ ናት። የተራበች ልጅ ቀጭን ትሆናለች እንጂ ጠንካራ አትሆንም። በልተሽ ነይ።

4. ሜዳሊያ እንጀራ አይደለም፤ ሌላ ነገርም ያዢ። ከቤጂንግ ስትመለስ የነሐሱ ሽልማት 10 ሺህ ዶላር ነበር፤ እሱም ግብር ይቆረጥበት ነበር። ከዚያ በኋላ መጠጥ ቤት መጠጥ እየቀዳች ሠራች፤ ለተወሰነ ጊዜም መኪናዋ ውስጥ አደረች። ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። ትምህርትሽን «በኋላ እደርስበታለሁ» ስትዪ ስለሰማሁ ነው። የራውዚ እናት የዓለም ሻምፒዮን ከሆኑ በኋላ ዶክትሬታቸውን ይዘዋል። ከሁለቱ የማንን መንገድ ብትከተዪ እንደምመርጥ ልትገምቺ ትችያለሽ።

5. «አይሆንም» ሲሉሽ አትከራከሪ፤ እንዳያልፉሽ አድርገሽ ሥሪ። በ2011 የዩኤፍሲ አለቃ ዳና ዋይት ሴቶች በድርጅቱ መቼ ይፋለማሉ ተብሎ ሲጠየቅ በፍጹም ብሎ ነበር፤ እየሳቀ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ራውዚ የመጀመሪያ የፕሮፌሽናል ፍልሚያዋን አድርጋ በ25 ሰከንድ አሸነፈች። በዓመቱ፣ በ2012 መጋቢት፣ ሚሻ ቴትን አሸንፋ የስትራይክፎርስ ሻምፒዮን ሆነች። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ያ «በፍጹም» ያለው ሰው ራሱ ድርጅቱ ያስፈረማት የመጀመሪያዋ ሴት እሷ መሆኗን አወጀ፤ ታኅሣሥ ላይ ቀበቶውን ሰጣት። ሁለት ዓመት አልሞላም። እርግጥ ነው ዝም ብላ አልሠራችም። ከ66 ኪሎ ወደ 61 ወርዳ ቴትን ልግጠም ስትል፣ ተራው የእሷ እንዳልሆነ እየተነገራት፣ ሰው ሊያየው የሚፈልገው ይህንን ነው ብላ በየመገናኛ ብዙኃኑ ተናገረች፤ ተሰማችም። አንገትሽን ደፍተሽ ሥሪ የሚሉሽን ሙሉ በሙሉ አትስሚያቸው። ሥራሽ መጀመሪያ ይሁን፤ ሥራው ካለ በኋላ ተራሽን መጠየቅ ነውር የለውም።

6. አፍሽን ግን ጠብቂ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ፍልሚያውን ያመጣላት ያው አንደበት በኋላ ጎድቷታል። በ2013 ታኅሣሥ፣ ላስ ቬጋስ ላይ፣ ቴትን ለሁለተኛ ጊዜ አሸንፋ ቴት እጇን ስትዘረጋላት አልጨበጠቻትም፤ አዳራሹ ሙሉ ጮኸባት። እሷ የራሷ ምክንያት ነበራት፤ ቴትና አብረዋት ያሉት በቅርብ ሰዎቿ ላይ በደል ፈጽመዋል ብላ ታምን ነበር። ይሁን። ያሸነፈ ሰው ግን እጅ ይጨብጣል፤ ይህን ከእኔ ጋር አትከራከሪበትም። በሌላ በኩል አንድ ነገር ላመስግናት። አባቷ በስምንት ዓመቷ ነው የሞቱባት፤ በሕመምና በጭንቀት ተይዘው ራሳቸውን ስላጠፉ። በ2015 ሪዮ ላይ የገጠመቻት ብራዚላዊቷ ኮሬያ ከፍልሚያው በፊት ያንን ቁስል የሚነካ ነገር ተናገረች። ራውዚ በ34 ሰከንድ በዝረራ ካሸነፈቻት በኋላ ያለችው፣ ከእንግዲህ ቤተሰቤን በፍልሚያ ነገር የሚያነሣ እንዳይኖር ተስፋ አደርጋለሁ የሚል ነው። አንቺም ብትሆኚ የሰው ቤት ሐዘን ላይ እንዳትቀልጂ። አንድ ቀን ሰምቼሻለሁ።

7. እጅ መስጠት ሲገባሽ ቶሎ ስጪ። በ2012ቱ ፍልሚያ ቴት ክንዷ ተቆልፎ አልሰጥም ስትል ክርኗ ከቦታው ሲወጣ ሁሉም አየ። ጀግንነት ይሉታል። እኔ ልምምድ ላይ እንዲህ ስታደርጊ ካየሁሽ ግን የአንድ ወር ልምምድ ያስቀርብሻል እንጂ ጀግና አልልሽም።

8. ቶሎ ማሸነፍን ተጠራጠሪ። ይህን ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ አንብቢው። ከ2014 የካቲት እስከ 2015 ነሐሴ ራውዚ አራት ጊዜ ቀበቶዋን ተከላከለች። ሳራ መክማንን በ66 ሰከንድ፣ አሌክሲስ ዴቪስን በ16፣ ካት ዚንጋኖን በ14፣ ኮሬያን በ34። ደምሪው፤ 130 ሰከንድ። በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ በእውነተኛ ፍልሚያ ላይ የቆየችው ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ነው። ዓለም ይህን አይቶ የማትበገር አላት። እኔ አሠልጣኝ ነኝና የታየኝ ሌላ ነው። በእነዚያ 130 ሰከንዶች ውስጥ ማን ጎዶሎዋን ሊያሳያት ይችላል? አንዷም ተጋጣሚ ወደ ኋላ እየሸሸች፣ በጎን እየዞረች፣ አልያዝም ብላ ሦስት ዙር አላለፋቻትም። የመጨረሻውን በቡጢ ስታሸንፍ ደግሞ ቦክሰኛም የሆነች መሰላት፤ የመሰላት እሷ ብቻም አይደለችም።

ከዚያ 2015 ኅዳር 14 መጣ፤ ሜልቦርን፣ 56,214 ተመልካች ፊት። ሆሊ ሆልም በቦክስ የዓለም ሻምፒዮን የነበረች፣ ግራኝ፣ ርቀት መጠበቅ የምታውቅ ሴት ናት። ራውዚ እንደ ልማዷ በቀጥታ ገባች። ሆልም ወደ ጎን ወጣች፤ ስትወጣም በግራ እጇ መታቻት። ደግማ ገባች፤ ደግማ ተመታች። ጁዶ ለመያዝ ቅርበት ይፈልጋል፤ ቅርበቱን ሲከለክሉሽ ሌላ መንገድ ከሌለሽ የምታደርጊው ያንኑ በበለጠ ጉልበት መድገም ነው፤ እሷም ያንኑ አደረገች። በሁለተኛው ዙር 59ኛ ሰከንድ ላይ የሆልም ግራ እግር አንገቷና መንጋጋዋ ላይ አርፎ ጣላት። በቅይጥ ማርሻል አርት የመጀመሪያ ሽንፈቷ ነበር። ቁጥር ሁለት ላይ አንድ ነገር እስከ ሥሩ ተማሪ ያልኩሽን አልረሳሁም፤ እዚህ ላይ የምጨምርልሽ፣ ያ አንድ ነገር የማይሠራበትን ቀን ገና እያሸነፍሽ ሳለ ፈልጊው ነው። ስለዚህ ነው በልምምድ ላይ ሁልጊዜ ከሚያሸንፉሽ ጋር የማጋጥምሽ። ከምታሸንፊያት ልጅ ጋር ሁሌ አጋጥመኝ የምትዪኝ ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ አላደርገውም።

9. ከጎንሽ የሚያወድስሽን ብቻ አታቁሚ። የሜልቦርኑን ፍልሚያ እንደገና ስታዪው የመጀመሪያው ዙር አልቆ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ልብ በዪ። አፏ ደምቶ፣ ትንፋሿ አጥሮ፣ ዙሩ ተወስዶባት ነው የተቀመጠችው። ጥግ ላይ ከቆመው አሠልጣኟ የመጣላት ቃል ግን ጥሩ እየሠራሽ ነው፣ ተረጋጊ፣ ተንፍሺ የሚል ዓይነት ነበር። ያ አንድ ደቂቃ ያስቆጨኛል። በቀጥታ አትግቢ፣ መንገዷን ዝጊባት፣ አጥሩ ጋ አስጠጊያት የሚላት ሰው ያስፈልጋት ነበር። እናቷ ከዚያ ፍልሚያ በፊት ስለ አሠልጣኟ በአደባባይ ክፉ ተናግረዋል፤ በአደባባይ መሆኑ ለእኔ ጥሩ አልመሰለኝም፤ የቤትን ነገር ቤት መጨረስ ይሻል ነበር። ግን የሚወድሽ ሰው የሚነግርሽ ሁሉ አይጥምሽም። እኔ ላይ ፊትሽን ስታጠቁሪ የማልቆጣው ለዚህ ነው።

10. ስትሸነፊ ብቻሽን አትቀመጪ። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል። ትናንት ያወደሳት ሁሉ ከሜልቦርን በኋላ ሲቀልድባት ነበር፤ እሷም ፊቷን በትራስ ሸፍና ነው አውሮፕላን ማረፊያ የታየችው። በ2016 በአንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀርባ፣ ከፍልሚያው በኋላ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሳለች ራሴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ መጥቶባት እንደነበር ተናገረች። ከአባቷ ታሪክ ጋር አያይዘሽ አስቢው። ያን መናገሯ ለእኔ ከቀበቶዋ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ግን ዘጋች፤ ከመመለሷ በፊት ለጋዜጠኛ አልናገርም አለች፣ 13 ወር ቆይታ በ2016 ታኅሣሥ 30 አማንዳ ኑኔስን ገጠመች፣ በ48 ሰከንድ ተሸነፈች። ያው ክፍተት፣ ያው ቀጥታ መግባት። ተሸንፈሽ ቤትሽ ስትገቢ ስልክሽን ዝጊው፤ የሰውን አስተያየት አታንብቢ። ሰው ግን አትዝጊ። እናትሽ ጋ ሂጂ፣ እኔ ጋ ነይ፣ ሌሊትም ቢሆን ደውዪ። ጨለማ ሐሳብ ከመጣብሽ ሳታፍሪ ንገሪኝ፤ አብረን ሐኪም ጋ እንሄዳለን። ቪዲዮውን ደግሞ ከሳምንት በኋላ አብረን እናየዋለን።

11. ከአንቺ በኋላ ለሚመጡት አትቅኚ። ሆልም ቀበቶውን በ2016 መጋቢት ለቴት አስረከበች፤ ቴት በሐምሌው ለኑኔስ። ኑኔስ በ2018 ሳይቦርግን ሳይቀር በ51 ሰከንድ አሸንፋ የሁለት ሚዛን ሻምፒዮን ሆነች። እነዚህ ሁሉ ይፋለሙበት የነበረው ክፍል በ2013 አንዲት ሴት ስለገባች የተከፈተ ነው፤ ከዚያ ሌሎች ሚዛኖችም ተጨመሩ። በ2018 ራውዚ በዩኤፍሲ የክብር መዝገብ ስሟ የሰፈረ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ በዚያን ጊዜ ሁለቴ ተሸንፋ ወደ ትርዒታዊው ትግል ተሻግራ ነበር። ትናንት ያስተማርሻት ልጅ ስትጥልሽ ፊትሽን አትለውጪ።

12. ጭንቅላትሽን አትደብቂኝ። ራውዚ በ2024 ባወጣችው መጽሐፍ፣ ከጁዶ ዘመኗ ጀምሮ የአንጎል መናወጥ ሲደርስባት ለዓመታት ደብቃ እንደኖረች ገልጻለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ራስ ምታት እያመማት መሥራትን ለምዳው ነበር፤ መናገር ድክመት ይመስላት ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ፍልሚያዎቿ ትንሽ ምት እንኳ ዓይኗንና ሐሳቧን ያናጋው ጀመር። ይህን ሳነብ የሜልቦርኑንም ከኑኔስ ጋር የነበረውንም ሌሊት በሌላ ዓይን አየሁት፤ ከላይ በሌሎቹ ተራ ቁጥሮች የተቆጣሁባትን ግማሹን ብመልሰው ደስ ይለኛል። ባለፈው ወር ተመትተሽ «ምንም አልሆንኩም» ብለሽ ወደ መስመር ስትመለሺ ዓይንሽ ብዥ ብሎ እንደነበር ጓደኛሽ ነግራኛለች። ከእንግዲህ እንዲህ ነው፦ ተመትተሽ ካዞረሽ፣ ብርሃን ከወጋሽ፣ ካቅለሸለሸሽ፣ የተባልሽው ከጠፋብሽ ወይም በማግሥቱ እንቅልፍ ካስቸገረሽ ያንኑ ሰዓት ትነግሪኛለሽ። የዚያን ቀን ልምምድ ያበቃል። ራስ ምታቱ ቢጠፋም ጭንቅላት የሚነካ ፍልሚያ የለም፤ መጀመሪያ ሐኪም ያይሻል፣ ከዚያ በቀላል ሩጫ፣ ከዚያ ያለ ምት፣ ቀስ እያልሽ ትመለሻለሽ። ውድድር ቢያመልጥሽ ያምልጥሽ። ደብቀሽ ስትሠሪ ካገኘሁሽ ግን ከክለቡ የማስወጣሽ እኔው ነኝ፤ እናትሽ መጥታ ብትለምነኝም አልመልስሽም።